አምስተኛው ሲሊንደር

አጥናፉ ጠዋት ተረኝነቱን ሲረከብ መጀመሪያ የሚያየው መንትያውን ነው። መንትያ የሚሉት ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን የመርከቧን ሞተር ቅጂ ነው፤ ሞተሩ ላይ የተተከሉት መለኪያዎች ሙቀቱንና ግፊቱን ይልኩለታል፣ እሱም ነገ የሚበላሸውን ዛሬ ይናገራል። ከአምስተኛው ሲሊንደር ሥር ያለው የአየር ክፍል መለኪያ ግን ከተነቀለ ሦስት ወሩ ነው። ማንቂያው እየጮኸ ሲያሰለቻቸው አጥናፉ አንድ ብልሃት ፈጠረ፤ ሪፖርት ሊላክ ሲል የእህቱ ባል ውብሸት መለኪያውን ብብቱ ሥር ይወሽቀዋል። ሠላሳ ሰባት ዲግሪ፤ ማንም አልጠረጠረም።

ዛሬ መርከቧ ወደብ ፊት ለፊት መልሕቅ ጥላለች፤ ሞተሩ ከቆመ ሁለት ቀኑ ነው። ሌሎቹ ሲሊንደሮች ቀዝቅዘዋል። አምስተኛው ሠላሳ ሰባት ይላል። መለኪያው ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ነው። አጥናፉ ቁጥሩን ትኩር ብሎ ሲያየው፣ የሙቀቱ መስመር በየሰከንዱ እንደ ደም ሥር ትር ትር ይላል።

ከታች፣ ውብሸት ጥላሸት ሊፍቅ ከገባበት የአምስተኛው ሲሊንደር አየር ክፍል፣ መብራት በጠፋበት ማቀዝቀዣ የተረሳ ሥጋ የሚመስል ሽታ በደረጃው ሽቅብ ይመጣ ጀመር፤ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ፣ ቢተፉትም የማይለቅ፣ የላብም የበሰበሰ ስብም ሽታ ያለው። አጥናፉ አፍንጫውን ይዞ ወረደ።

«አጥኔ፣ ይሄ ጥላሸት አይደለም ባክህ» አለ ውብሸት ከጠባቡ በር ውስጥ። «ጮማ ነው የሚመስለው። ፀጉርም አለው።»

«ቀልድህን ተውና ፋቅ!»

በሩ ላይ የተቀመጠውን ባልዲ አየ። ቢጫ ስብ፣ ጥቁር ፀጉር የበቀለበት፣ ወዝ የሚያወጣ። በጣቱ ነካው፤ ሞቀው፤ ስቡ ከጣቱ ሸሸት አለ። አጥናፉ ጣቱን በሱሪው ጠረገ። እህቱ አደራ ብላ የሰጠችውን ሰው እዚህ ቆሻሻ ውስጥ በመክተቱ ራሱንም ተጸየፈ።

«ውብሸት፣ ውጣ! አሁኑኑ!»

እግር ከጭቃ ሲነቀል የሚሰማው ዓይነት እርጥብ፣ የሚመጥ ድምፅ ብቻ ለረጅም ጊዜ ተሰማ። ከዚያ ውብሸት በደረቱ እየተሳበ ወጣ፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ በዘይት ተለውሷል። ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

«እፎይ! ገደልከኝ እኮ። ደህና ነህ?»

ውብሸት በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። አጥናፉ የጠባቡን በር ክዳን ገጠመ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ። ያ ነገር ምንም ይሁን ምን፣ ሞተሩ ሲነሳ ይጨፈለቃል። ውብሸትን ደግፎ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ወሰደው፤ ሰውነቱ ብብት ብብት ይሸታል።

ዋና መሐንዲሱ በሬዲዮ «ወደብ ግቡ ተብለናል፤ አስነሳ!» አለ።

አጥናፉ ቁልፉን ተጫነ፤ የማስነሻው አየር እያፏጨ ወደ ሞተሩ ሲገባ፣ ከታች፣ ከተጠበቀው ክዳን ጀርባ፣ ውብሸት «አጥኔ! ኧረ ገና አልወጣሁም!» አለ።