የተጠረገው ክር

«እኔ የያዝኩት ምርመራ ከምሳ ሰዓት አያልፍም!» አለች መርማሪዋ በስልክ። ከዚያ ጫማዋን ፈለገች። ቤት ውስጥ ጉራዋን የሰማላት ሰው አልነበረም። ያላት አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆና ሁለት ወንበር ነው፤ ሁለተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ልብስ ነው።

አስከሬኑ ሐይቁ ዳር፣ ሣሩ ላይ፣ አንሶላ ለብሶ ጠበቃት። ሟቹ የዝንብ ውርወራ አስተማሪ ነበሩ። ዝንብ ይዘው የሚወረውሩ እንዳይመስላችሁ! ከላባ የተሠራ የውሸት ዝንብ በረጅም ክር ጫፍ ይታሰርና ዓሣው እንዲሸወድ በቀጭን ዘንግ ውሃ ላይ ይወረወራል። ሣር ላይ ሲለማመዱ ግን የሰው ዓይን እንዳይጠፋ በመንጠቆው ፈንታ ቁራጭ ሱፍ ያስራሉ። እሑድ እሑድ ሰፈርተኛው እየመጣ ይማራል፤ የፕላስቲክ ቀለበት መሬት ላይ ዘርግቶ ሱፉን መሃል ለመጣል ይፎካከራል። ሽልማቱ ጭብጨባ ነው። አስተማሪው ዕድሜ ልካቸውን «ረጋ በሉ!» ሲሉ ስለኖሩ ስማቸው ራሱ ጋሽ ረጋ በል ሆኖ ቀረ።

ዛሬ ውድድር ነበር፤ ትናንትም ሰፈርተኛው እዚሁ ሲለማመድ ነበር። ቀለበቶቹ ተዘርግተዋል፤ የሚወረውር የለም።

አሥር አለቃው በአገጩ ወደ ፖሊስ መኪናው አመለከተ። «ጉዳዩ አልቋል። ልጃቸው ናት። ትናንት ጀምበር ስትጠልቅ ስትጮህባቸው ሁሉም ሰምቷል። ‹እኔ ጋ ና ኑር ብልህ እምቢ አልክ፣ ከኔ ይልቅ ይሄን እንጨት ትወዳለህ፣ ሁለተኛ አልመጣም!› አለቻቸው። ጭንቅላታቸው ውሃው ላይ የተዘረጋው የእንጨት መረማመጃ ጠርዝ ላይ ተመትቷል፤ ከዚያ ውሃ።»

ልጅቱ መኪናው ውስጥ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። አታለቅስም።

«አልገፋሁትም፤ ትቼው ሄድኩ» አለች። «ግን በኔ ንግግር ከፍቶት ራሱ ገብቶ ቢሆንስ? እስሩን እችለዋለሁ። ይሄን አልችልም። እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

«እነግርሻለሁ። ከምሳ በፊት።»

የአስተማሪው ዘንግ መረማመጃው ላይ ተደግፎ ቆሟል። መርማሪዋ ክሩን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ንጹሕ ነው፣ በሥርዓት ተጠቅልሏል። ክሩ የሚጠነጠንበትን እንዝርት ፈትታ ውስጡን ስታየው ግን እርጥብ የሐይቅ ጭቃ ሞልቶታል።

«ክር መጥረግ ልማድ ነው እንዴ?» ብላ ልብስ ሰፊዋን ጠየቀች። ሴትየዋ ከተማሪዎቹ ሁሉ ጎበዟ ናት።

«ታዲያስ! ሳይጠርግ የጠቀለለ ሰው ካዩ ጋሼ ያኮርፋሉ። ዘንግ ነክታ የማታውቀው ልጃቸው ብቻ ናት። እኔማ ለምዶብኝ የስፌት ክሬንም ልጠርግ ምንም አልቀረኝ።»

«ትናንት ስትሄዱስ?»

«ልጅቷ ተናዳ ከሄደች በኋላ ‹ብቻዬን ተዉኝ› አሉን። እየወረወሩ ተውናቸው።»

«ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነበር?»

«እሳቸው? እምቢ ሲሉ በጆሮዬ ነው የሰማሁት! በሚቀጥለው እሑድም ትምህርት አለ ብለውናል።»

የጥርስ ሐኪሙ፣ የአስተማሪው የድሮ ጓደኛና ተማሪ፣ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ሌላ ባዶ ታጣፊ ወንበር አለ። ከልማዱ ሁለቱንም ዘርግቷቸዋል።

«ዶክተር፣ ትናንት የት ነበሩ?»

«ከሰዎቹ ጋር ወጥቼ ቤቴ ገባሁ።»

«ቤት ማን ነበር?»

«ማን ይኖራል? ቴሌቪዥኑ ነዋ።»

ይህ መልስ ሌላ ሰው ያስቅ ነበር። መርማሪዋ አልሳቀችም።

«እንግዲህ እሑድን ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ቢኖርም ሊዘጋው አልነበር? ጠቅልሎ ልጁ ጋ ሊገባ...» አለና ውሃውን ማየት ጀመረ። «የኔ እሑድማ ያኔውኑ አልቋል።»

መርማሪዋ ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞረች። ጋሽ ረጋ በል ልጃቸው ጋ እንደሚገቡ የሰማ አንድም ሰው አላገኘችም። ስትመለስ ጥላው ረዝሟል። ሰፈርተኛውን ሁሉ ቀለበቶቹ መሃል ሰበሰበች፤ ልጅቱም ከመኪና ወረደች።

«የዘንጉ እንዝርት ውስጥ ጭቃ አለ» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ከሰውየው ጋር ውሃ ገብቷል። ክሩ ግን ተጠርጓል። የሰመጠ ሰው ወጥቶ ክር አይጠርግም፤ ስለዚህ ብቻቸውን አልነበሩም። ልጅቷ ይሄን ዘንግ ጠልታ ነክታው አታውቅም። የጠረገው ተማሪያቸው ነው። የትኛው? ሁላችሁም እምቢ ሲሉ ሰምታችኋል። እሺ ማለታቸውን የሚያውቅ፣ ሁላችሁም ከሄዳችሁ በኋላ ያነጋገራቸው ሰው ብቻ ነው። ዶክተር፣ እርስዎ ‹ልጁ ጋ ሊገባ› ብለውኛል፤ ለምን ተመለሱ?»

ሐኪሙ ከወንበሩ አልተነሣም።

«እንዳይከፋው ብዬ። ‹ልጄ እውነቷን ነው፣ እሄዳለሁ› አለኝ። ‹እኔስ?› አልኩት። ‹አንተማ ትለምደዋለህ› አለኝ። ገፋሁት። ወዲያው ዘንጉን ይዤ ጎተትኩ፤ ዘንጉ ብቻ መጣ። ሰው መጥራት ነበረብኝ። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ክሩን እጠርጋለሁ። እጄ ነው... እጄ ለምዶበት።»

«ሊመጣልኝ ነበር?» አለች ልጅቱ።

«ከውድድሩ በኋላ እነግራታለሁ ብሎኝ ነበር።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። አሥር አለቃው ሐኪሙን ይዞ ሄደ፤ ሰፈርተኛውም ቀለበቱን ለቅሞ ሁለት ሁለት እየሆነ ተበተነ። መርማሪዋ መሄድ አላማራትም። ልጅቱ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

«አላልኩሽም? እኔ የያዝኩት ምርመራ...»

«ምሳማ አልፎ እራት ደርሷል» አለቻት ልጅቱ ዓይኗን እየጠረገች። «ደግሞስ ሁሉም ቤቱ ሲገባ እርስዎ ቀሩ፤ ምሳ ይዞ የሚጠብቅዎ ማን አለ?»