ከመጨረሻዋ ስድስት በኋላ

የኔዘርኮት ክሪኬት ክለብ ነጥብ መዝጋቢ ኦስበርት ላይል የሞተው የዓመቱ የመጨረሻ የወዳጅነት ግጥሚያ በተደረገበት ቅዳሜ፣ በሻይ ዕረፍት ላይ ነው። ከሜዳው ዳር ባለችው የእንጨት ጎጆ ውስጥ ግንባሩን በመዝገቡ ላይ ደፍቶ ተገኘ። ከጭንቅላቱ ኋላ ደም ነበር፤ ከወንበሩ እግር ሥር ደግሞ ቀይዋ ኳስ።

ኢንስፔክተር ሂልዳ ታራንት ስልኩ ሲደወልላት እቤቷ ተቀምጣ ካልሲ ታጣጥፍ ነበር። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ቅዳሜን መፍራት የጀመረችውም ያኔ ነው። ድንገት ሥራ ሲጠራት ይቅርታ የምትጠይቀው ሰው ስለሌለ ኮቷን ደርባ ወጣች።

ሜዳው ስትደርስ ነጭ የለበሱ ተጫዋቾች በየቦታው ሁለት ሁለት ሆነው ቆመዋል። ነገሩ አልቆ የተዘጋ ይመስል ነበር። የኔዘርኮት አምበል ዴዝሞንድ ፌርሎ ከሻይ በፊት የመጨረሻዋን ኳስ አክርሮ መታት፤ ኳሷ በአየር ላይ እንዳለች ከሜዳው ወጥታ ወደ ጎጆዋ በረረች፤ ስድስት ነጥብ ተቆጠረ፤ ተጨብጭቦ ሁሉም ወደ ሻይ ገባ። ላይል በክፍቱ መስኮት በገባችው በዚያች ኳስ ተመትቶ ሞተ። ያየም ያላየም የሚለው ይህንኑ ነበር። ፌርሎ ራሱም ጭምር።

«የገደልኩት እኔ ነኝ» አላት። አርባ ስምንት ዓመት የሞላው ግዙፍ ሰው ነው፤ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶታል። «ሌላ የሚጠየቅ ሰው የለም።»

«መጠየቅ ልማዴ ነው» አለች ታራንት፤ ወደ ጎጆዋም ሄደች።

ጎጆዋ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው። የላይል ጽሑፍ ደቃቅና የተስተካከለ፣ ተሰልፎ እንደሚሄድ ጉንዳን ነበር። ታራንት የመጨረሻውን ረድፍ በጣቷ ሳትነካ ተከተለችው፤ ከዚያም ጎንበስ ብላ ኳሷን በመሐረብ አነሳቻት። አንድ ጎኗ ላይ የታጨደ እርጥብ ሣር ተለጥፎባታል። ከመዝገቡ አጠገብ ሌላ፣ ዳሩ የነተበ አሮጌ መዝገብ ተከፍቶ ነበር። እሱ ላይ፣ ከአንድ ስም በታች፣ ነጭ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ታራንት አሸተተችው። ወጥታ በጎጆዋ ጀርባ ዞረች። እዚያ ዓመቱን ሙሉ ከሜዳው የታጨደው ሣር ተከምሯል፤ ከክምሩ አናት ላይ ኳስ የምታክል ጎድጓዳ ቦታ ነበረች።

በሻይ ሰዓት ከሌሎቹ ጋር ተቀምጠው ሻይ ያልጠጡት ሦስት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን ለማወቅ ብዙ አልፈጀባትም፤ ፌርሎ፣ ሻይ የምታፈላው ሜቪስ ክሬል፣ ሜዳውን የሚንከባከበው ሽማግሌ አይቮር ቤዶስ።

ሚስስ ክሬል ማድ ቤት ውስጥ፣ ገና ባልተነሱ የሳንድዊች ሳህኖች መካከል ተቀምጣ ነበር። አስከሬኑን ያገኘችው እሷ ናት። ሁልጊዜ ለላይል ሻዩን የምትወስደው ወዲያው ነበር፤ ዛሬ እንግዳ ቡድኑ ስለበዛባት ሃያ ደቂቃ ዘገየች።

«ተጣልታችኋል የሚል ሰው አለ» አለች ታራንት።

«ለመጣላትም እኮ መነጋገር ያስፈልጋል» አለች ሚስስ ክሬል። «ሠላሳ ዓመት ሻይ ወሰድኩለት። አመሰግናለሁ ይላል፤ አንድ ቀን ግን ተቀመጪ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ የመጨረሻ ግጥሚያ ስለሆነ ለራሴም ኩባያ ይዤ ሄድኩ። ባይለኝም እቀመጣለሁ ብዬ።»

ታራንት ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ በማድ ቤቱ መስኮት ምን እንደሚታይ ጠየቀቻት። የሚታየው የመኪና ማቆሚያው ነው። ፌርሎ ሻዩ እስኪያልቅ ድረስ መኪናው ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ነበር፤ ሚስስ ክሬል ሻይ በቀዳች ቁጥር ታየው ነበር።

ፌርሎ ግን በሻይ ሰዓት ኳሷን ስፈልግ ነበር ብሏት ነበር። ታራንት ተመልሳ ስትጠይቀው አንገቱ ድረስ ቀላ። ዛሬ ከጨዋታ ሊሰናበት ነበር፤ አንድ ጉልበቱ አልቋል። ሚስቱ ከሄደች ወዲህ ቅዳሜውን የሚያሳልፈው እዚህ ብቻ ነው። ሲያለቅስ የቡድኑ ልጆች እንዳያዩት መኪናው ውስጥ ተደበቀ።

ቤዶስን ያገኘችው ከሜዳው መሃል ነው፤ ከኖራ ባልዲው አጠገብ ቆሞ ሣሩን ያያል። ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው። አንድ ልጁ ጋሬዝ ከመርከብ ወድቆ ባሕር በላው፤ ሚስቱም ዓመት ሳይሞላ ተከተለችው። ይህን የነገረቻት ሚስስ ክሬል ናት።

«በሻይ ሰዓት የት ነበሩ ሚስተር ቤዶስ?»

«እዚሁ። ሁለተኛው ዙር ሳይጀመር መስመሮቹን በኖራ ማደስ አለብኝ።»

«ሻዩ እስኪያልቅ?»

«እስኪያልቅ። ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም።»

ታራንት አመስግናው በሜዳው መሃል ለመሃል ሄደች። በወዲህ ጫፍ ያለው መስመር እንደ ወተት ነጥቷል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ግን ተጫዋቾቹ ከቀትር ጀምሮ ሲረግጡት እንደዋሉ ተፍቆ፣ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። እዚያ ቆማ ወደ ጎጆዋ ተመለከተች። መስኮቱ ፊት ለፊቷ ነበር።

ወደ ማታ ሁሉንም በክለቡ ቤት ሰበሰበቻቸው። ግድግዳው ላይ በአንድ ግጥሚያ መቶና ከመቶ በላይ ያስቆጠሩ ሰዎች ስም በወርቅ ቀለም የተጻፈበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ታራንት ከሥሩ ቆመች።

«ሚስተር ፌርሎ፣ እርስዎ ማንንም አልገደሉም» ብላ ጀመረች። «የመቷት ስድስት በመዝገቡ ላይ በሚስተር ላይል እጅ ተጽፋለች። ድምሩ ተደምሯል፣ መስመር ተሰምሯል፤ ከጎኑ ‹ሻይ፣ አስር ሰዓት ከአስር› ይላል። ሰው የገደለችውን ኳስ አይመዘግብም።»

ፌርሎ አጠገቡ ያለውን ወንበር ያዘ።

ታራንት ቀጠለች። ኳሷ በጎጆዋ ጣሪያ ላይ አልፋ ሣር ክምሩ ላይ ነው ያረፈችው፤ እርጥቡን ሣር ከዚያ ይዛ መጣች። ስለዚህ አንድ ሰው አንስቶ ወንበሩ ሥር አስቀምጧታል። ቁስሉም ከኋላ ነው፤ ላይል ደግሞ ፊቱን ወደ ሜዳው አድርጎ የሚቀመጥ ሰው ነበር። የመታው ከመስኮቱ ሳይሆን ከበሩ በኩል የቆመ፣ ላይልም ሳይፈራው ጀርባውን የሰጠው ሰው ነው። ፌርሎን ሚስስ ክሬል ከመኪናው ሲወጣ አላየችውም። ሚስስ ክሬልም ሻይ ስትቀዳ ሃያ ሰው አይቷታል።

«የቀረው ሰው መስመር ሲያድስ ነበር። ግን ያደሰው አንዱን ጫፍ ብቻ ነው። በመሃል አቋርጦ የሄደው ሚስተር ላይል በመስኮት ስለጠራው ይመስለኛል። በእጁ ኖራ ነበረበት።» አሮጌውን መዝገብ ከፈተችው። «ይህ የዛሬ አስራ ሁለት ዓመት ግጥሚያ ነው። እዚህ ሰሌዳ ላይ የመጨረሻው ስም ጋሬዝ ቤዶስ፣ መቶ ሦስት ነው። መዝገቡ ላይ ከስሙ በታች በአዲስ እርሳስ እንዲህ ተጽፏል፤ ‹አንዷ ስድስት የሌላ ሰው ናት። ጋሬዝ ዘጠና ሰባት። ስህተቱ የእኔ ነው።› የአውራ ጣቱ የኖራ አሻራ ከዚህ ጽሑፍ ላይ ነው።»

የዞረ ፊት አልነበረም፤ ወደ ቤዶስ ለማየት የደፈረ የለም።

«ዛሬ ማታ በክለቡ እራት ላይ ለሁሉም እናገራለሁ አለኝ» አለ ቤዶስ፤ ድምፁ ደረቅ ነበር። «ስሙን ከሰሌዳው እናወርዳለን አለኝ። ለመንኩት። እኔ ስሞት አድርግ አልኩት። ቁጥር ቁጥር ነው አይቮር፣ እንቅልፍ ነሳኝ አለና ወደ መዝገቡ ዞረ። የጨዋታውን ዘንጎች መሬት ላይ የምተክልበት መዶሻ በእጄ ነበር።»

«ኳሷንስ?»

«ስወጣ ክምሩ ላይ አየኋት።» ወደ ፌርሎ ቀና አለ። «በአንተ ላይ እንደሚመጣ አላሰብኩም ልበልህ? አስቤዋለሁ።»

ታራንት ሌሎቹን ሳይሆን እሱን ብቻ እያየች ጠየቀችው። «ገጹን ለምን አልቀደዱትም? ቢቀድዱት ኖሮ ምንም አላገኝም ነበር።»

«የልጄ ስም አለበት» አላት።

ያኔ ፌርሎ ተናገረ፤ ሲናገርም ወለሉን እያየ ነበር። ያን ቀን ከጋሬዝ ጋር ተጣምሮ ይመታ የነበረው እሱ ነው። ስድስቷን የመታትም እሱ ነው። ላይል ተሳስቶ ለጋሬዝ ሲጽፋት፣ ልጁ መቶ ሞላልኝ ብሎ መምቻውን ወደ አባቱ ሲያነሳ አይቶ ዝም አለ።

«አስራ ሁለት ዓመት አውቅ ነበር» አለ። «ላይል ዛሬ ማታ ቢናገር ኖሮ ተነስቼ የጋሬዝ ናት፣ ላይል ተሳስቷል እል ነበር። ማንም የእኔን ቃል ነበር የሚያምነው። ቢጠይቁኝ ኖሮ ሚስተር ቤዶስ። አንዴ ብቻ ቢጠይቁኝ።»

ቤዶስ ወደ ሰሌዳው ቀና አለ። በዚህ መንደር ልጁን የሚያስታውስ ከእሱ ሌላ ሰው ያለ አይመስለውም ነበርና ማንንም ለመጠየቅ አላሰበም።

ወደ ፖሊስ መኪናው ሲሄዱ ማካፋት ጀመረ። ቤዶስ ቆመ። «ሜዳው አልተሸፈነም» አለ። «እንዲህ ካደረ ይበላሻል።»

ታራንት ሰዓቷን አላየችም። «ይሸፍኑት» አለችው።

ሽማግሌው ከባዱን ሸራ በአንድ ጫፉ ይዞ ብቻውን መጎተት ጀመረ። ተጫዋቾቹ ከበረንዳው ሆነው ያዩታል። ብዙ ቆይቶ ፌርሎ ኮፍያውን ሳይዝ ወደ ዝናቡ ወጣ፤ እያነከሰ ነበር። የሸራውን ሌላ ጫፍ አነሳ። ሁለቱ አብረው ሜዳውን ሸፈኑት።