ያልተጎተተው ገመድ

የስካውት መሪው ጋሽ ወጋየሁ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከማማው ሥር ሞተው ሲገኙ፣ የዩኒፎርማቸው የካውያ መስመር ገና አልጠፋም ነበር። የለበሱት ለደስታ ቀን ነበር። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ፉሪ ዳር ባለው የ«ማለዳ ኮከብ» ስካውት ቡድን ግቢ፣ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በቀኝ እጃቸው የጨበጡት አሮጌ ስካርፍ ቀለሙ የለቀቀ፣ ግን በደንብ የታጠበ ነው።

ኢንስፔክተር አፀደ አስከሬኑን አይታ ስትጨርስ ቀና አለች። ምሳዋን ብቻዋን መብላት የለመደች፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። ማማው ከባሕር ዛፍ አጣናና ከገመድ ብቻ የተሠራ ነው፤ አንድ ምስማር የለበትም። የላይኛው አግዳሚ በአንድ ጫፉ ተለቆ ተንጠልጥሏል። ካልተፈታው ጫፍ ደግሞ ቀጭን ገመድ ወርዶ ከታች ቋሚው ላይ ተጠምጥሟል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መፈተኛ ነው እህቴ» አሏት የግቢው ዘበኛ አቶ ሃሩን። «ማንም ከመውጣቱ በፊት ታች ሆኖ ሦስቴ ይጎትተዋል። ቋጠሮው ደካማ ከሆነ እንጨቱ ሰው ሳይኖርበት ይወድቃል።»

«ዛሬስ ተጎትቷል?»

«እንደተጠመጠመ ነው። ጤዛው እንኳ አልረገፈም።»

ምክትል መሪው ምትኩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። በዘጠኝ ዓመቱ እናትና አባቱን አጥቶ እዚህ ግቢ ሲመጣ ያሳደጉት ጋሽ ወጋየሁ ናቸው። እንባው የምር ነው።

«ሳይጎትቱ ለምን ወጡ?» ይላል ደጋግሞ። «ሳይጎትቱ ለምን ወጡ?»

«አግዳሚውን ማን አሰረው?»

«ፌኔት ናታ! ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ዛሬ ፈተናዋን አልፋ፣ ቃል ገብታ አባል ልትሆን ነበር።» ተነስቶ የተንጠለጠለውን ገመድ አሳያት። «ይኸው፣ እዩት። ይኼ የአባል ቋጠሮ ነው? የጫማ ማሰሪያ ነው እንጂ! አይሆንም ብዬ ነበር። እኛ ስካውቶች የምንጨባበጠው በግራ እጃችን ነው። እሷ ምኗን ትዘረጋለች?»

አፀደ የገመዱን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰችው። የግቢው ገመዶች ሁሉ እንዳይተረተሩ ጫፋቸው በክር ተጠቅልሏል፤ የዚህ ግን በቢላ ተቆርጦ ተዘርዝሯል።

ፌኔት አጥሩ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበረች። ዕድሜዋ አሥራ ስምንት ነው። ግራ እጇን ገና በስድስት ዓመቷ ወፍጮ ከአንጓው ላይ ወስዶባታል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ሌሎቹ ሲሰለፉ እሷ ከዚህች ወንበር ሆና ስታይ ኖራለች። ጎኗ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም፤ ዛሬም የለም።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው?» አለች አፀደ ገና ሳትጠይቃት። «እሰሩኝ፣ ግድ የለም። ግን ይኼን ብቻ ንገሩኝ። የወደቁት በእኔ ቋጠሮ ነው?»

«ማሰር ማን አስተማረሽ?»

«ጋሼ። ሐሙስ ሐሙስ፣ ብቻችንን። ገመዱን በጥርሴ ይዤ አጠብቀዋለሁ።»

ዕቃ ቤቱን የምትይዘው ሣራ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቀጥተኛ ልጅ ናት። «ገመዱን የማወጣላት እኔ ነኝ» አለች። «ሲመለስልኝ ጫፉ ሁሌ በጥርስ የተነከሰ ነው። አቶ ሃሩን ደግሞ በር ይከፍቱላታል።»

«ምትኩስ ያውቃል?»

«ሐሙስ ሥራ ላይ ነው። ጋሼ ‹ቅዳሜ አይቶ ይደነቅ› ብለው ደብቀውት ነበር።»

አፀደ ግቢውን ስትዞር ቆይታ፣ ስድስት ሰዓት ላይ አራቱንም ማማው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ከገመዱ እንጀምር» አለች። «ጫፉ አዲስ የተቆረጠ ነው። ሰው ገመድ ለምን ይቆርጣል? ቋጠሮው አልፈታ ሲለው! ደካማ ቋጠሮ ቢሆን ኖሮ ጣት ይበቃው ነበር።» ከኪሷ ስንዝር የምታህል ቁራጭ ገመድ አወጣች። «ይቺን ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ቆሻሻ ውስጥ አገኘኋት። ቋጠሮዋ አሁንም አልተፈታም፤ ጫፏም ላይ የጥርስ ምልክት አለ። የፌኔት ቋጠሮ ይቺ ናት። ያ የወደቀው የሌላ ሰው ነው።»

ፌኔት በአንድ እጇ አፏን ያዘች።

«የግቢው ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፤ አቶ ሃሩን፣ ሣራ፣ ምትኩ። ቀያሪው ደካማውን ቋጠሮ ሰው ሁሉ የፌኔት ነው ብሎ እንዲያምን ፈለገ። ሣራና አቶ ሃሩን ግን በጥርሷ እንደምታስር ያውቃሉ። ይኼ እንደማያሳምን አይጠፋቸውም ነበር። ልጅቷ ማሰር እንደማትችል ሁሉም ያምናል ብሎ ያሰበ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ምትኩ መሬት መሬት ያያል።

«ጠዋት ፌኔት የጠየቀችኝ በማን ቋጠሮ እንደወደቁ ነው። አንተ ግን ‹ሳይጎትቱ ለምን ወጡ› ነበር የምትለው። ሲጎተት ባዶውን እንዲወድቅ ነበር ያሰብከው፤ ሰው እያየ፣ እሷ እንድታፍር።»

«ልገድላቸው አልነበረም!» አለ ምትኩ። «አባቴ ናቸው! ሳይጎትቱ ወጥተው አያውቁም! ሃያ ዓመት ሙሉ እኔ ያሰርኩትን እንኳ ሁሌ ይጎትቱት ነበር።»

«የእሷን አልጎተቱም» አለች አፀደ።

«ያ ስካርፍ የራሳቸው ነው» አለ ምትኩ። «አንድ ቀን ለእኔ ይሰጡኛል ብዬ ነበር። ሐሙስ ማታ ‹ለፌኔት አጥቤዋለሁ› አሉኝ።»

ሽማግሌው ጠዋት ወደ ላይ የወጡት ስካርፉን ማማው ጫፍ ላይ ሊያስሩላት ነበር። ፈተናዋን ስታልፍ ራሷ ወጥታ እንድታወርደው።

ፌኔት ሰማች። የወደቁት በእሷ ቋጠሮ አለመሆኑን አውቃለች፤ የወጡት ግን የእሷን ቋጠሮ አምነው ነው። ከዚህ የሚያሳርፋት ሰው የለም። አፀደ ምትኩን ይዛ ሄደች።

በሳምንቱ ቅዳሜ ቡድኑ ግማሽ ሆኖ ተሰብስቦ ነበር። የጋሽ ወጋየሁ ክፍል ተቆልፏል። ፌኔት እንደ ልማዷ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሣራ ከዕቃ ቤት አዲስ ገመድ አምጥታ ጭኗ ላይ ጣለችላትና «ተነሺ፣ አግዳሚው ይጠብቅሻል» አለቻት።

ፌኔት መሰላል ተደግፋ፣ ገመዱን በጥርሷ ይዛ፣ ቀስ ብላ አሰረች። ወርዳ መፈተኛውን ገመድ ለሣራ ስትዘረጋ ሣራ አልፋት ሄደች። ሳትጎትት ወጣች። አምስት ሜትር ላይ፣ አግዳሚው መሐል፣ በሁለት እግሯ ቆመች።

ሣራ ከወረደች በኋላ አፀደ የመለሰችውን አሮጌ ስካርፍ ከኪሷ አውጥታ ፌኔት አንገት ላይ አሰረችላትና ግራ እጇን ዘረጋችላት። ፌኔት ትንሽ አመነታች። ከዚያ አንጓው ላይ የተቆረጠውን ክንዷን ሰጠቻት፤ ሣራም ጨበጠችው።

ፌኔት ያን ጊዜ ዞር ብላ ወደ ጓሮው፣ ወደ ተቆለፈችው ክፍል አየች። ሰልፉ ውስጥ የገባችው እያለቀሰች ነው።