የማምሻ ሰው አይቀሰቀስም

ጮራ ላይ ቀትር ሲሆን ማምሻ ላይ እኩለ ሌሊት ነው። ሁለቱም የማርስ ከተሞች ናቸው፤ አንዷ በፕላኔቷ ወዲህ፣ ሌላዋ ወዲያ፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል። ጮራዎች ማልደው የሚነሡ፣ ምላሳቸው ስለታም፣ ሁሉን ነገር «አሁኑኑ!» የሚሉ ናቸው። ማምሻዎች ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ቤታቸው ቢቃጠል እንኳ አልጋቸውን አንጥፈው የሚወጡ ዓይነት ናቸው። እዚያ የተኛ ሰው መቀስቀስ ነውር ነው። በሌሊት የሚነሡት ለለቅሶ ወይም ለጠብ ብቻ ነው።

የጮራ የአየር ቴክኒሻን ስንዱ፣ ማምሻዎችን አንድም ቀን ሳታያቸው ትጠላቸዋለች። ማን የማይጠላቸው አለ? ከድሮው ግጭት በኋላ በተፈረመው ውል መሠረት የጮራ መጠባበቂያ አየር የሚለቀቀው በማምሻ ተረኛ ጣት አሻራ ነው፤ የማምሻም በጮራ ተረኛ። እንዳይሰዳደቡ ደግሞ በመገናኛው መስመር ላይ «አለዛቢ» ተገጠመ፤ ከሰው ንግግር ቁጣውንና ስድቡን ነቅሎ በአንድ ለስላሳ ድምፅ የሚያስተላልፍ ማሽን ነው።

ያን ቀን ቀትር ላይ ዋናው የአየር ማመንጫ ተሰነጠቀ። የታችኛው ሰፈር አየር መሳሳት ጀመረ። የስንዱ ልጅ ብሌን እዚያ ትምህርት ቤት ናት።

«አየር አለቀብን! ልጆች እየታፈኑ ነው! ክፈቱ!» ብላ ጮኸች።

አለዛቢው ያስተላለፈው በስክሪኑ ላይ ታየ፦ «ጤና ይስጥልን። በሚመቻችሁ ጊዜ ጥቂት አየር ብትለቁልን ደስ ይለናል።»

መልሱ ወዲያው መጣ፦ «በደስታ፤ ሲነጋ።»

«ሲነጋልህማ እኛ ሬሳ ነን!»

አለዛቢው ተረጎመ፦ «ስለ ትብብራችሁ እናመሰግናለን።»

ስንዱ ደሟ ፈላ። የአለዛቢውን ገመድ ጨበጠች።

«እንዳትነኪው!» አለ አለቃዋ ደርቤ። «ውሉ ይፈርሳል! ጦርነት ልታመጪብን ነው?»

«ለጦርነቱም ትንፋሽ ያስፈልጋል፣ ጋሼ ደርቤ!» ብላ ገመዱን መነጨቀችው። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፍታ ወረደችበት። «ተነሥ አንተ እንቅልፋም! አልጋ ላይ የበቀልክ ዱባ! ወንድ ከሆንክ ተነሥና መልስልኝ!»

ከመስመሩ ወዲያ አንድ ጎርናና ድምፅ ፈነዳ። «ማናት እቺ ባለጌ? ማነው ዱባ? አበጋዝን ነው ዱባ የምትይው?»

«አዎ አንተን! ልጄ እየታፈነች አንተ ታንኮራፋለህ!» አለችና ድምፅዋ ተቆረጠ። ለቅሶዋን መግታት አቃታት።

«እያለቀስሽ ነው?»

«ምን አገባህ! ክፈት!»

በባዶ እግር የሚሮጥ ሰው ኮቴ ተሰማ። ወንበር ተገለበጠ፤ ሰውዬው እናቷንም አባቷንም ሰደበ። የአየር መለኪያው ግን ሽቅብ ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ ከትምህርት ቤቱ ተደወለ፤ ብሌን ደህና ናት። ስንዱ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች።

«እዚህ ስሠራ ስንት ዓመቴ፣» አለ አበጋዝ እያለከለከ፣ «አንድም ጮራ እንደ ሰው ተናግሮኝ አያውቅም። እዚያ ሰው አልቆ ማሽን ብቻ የቀረ መስሎን ነበር። ለማሽን ብሎ ማን ከእንቅልፉ ይነሣል?»

«አንተስ? ‹በደስታ፤ ሲነጋ› አላልክም?»

«እኔ? ‹ዝም በል አንተ ቆርቆሮ፣ ሲነጋ ትለፈልፋለህ› ነው ያልኩት! ደግሞ አንቺ፣ አፍሽ የተበላሸ...»

ደርቤ ገመዱን አንሥቶ በጥድፊያ ወደ አለዛቢው ሄደ። ስንዱ ክንዱን ያዘችው።

«ቆይ፣ ጋሼ፤ ሰድቦኝ ይጨርስ።»