የፍየል ቆዳ ከባቲ

ሩመይሳ የሙዚቃ ክበቡ በር ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ውስጥ ክራር ይመታል። በትምህርት ቤቱ ያለው ክራር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእሷ ነው። ከዕረፍት በፊት ጥግ ላይ አስቀምጣው ነበር የወጣችው።

በሩን ገፋ አድርጋ አየች። ከሦስት ሳምንት በፊት ከባቲ ተዛውራ የመጣችው ፊርደውስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትመታለች። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው። ጣቶቿን እንኳ አታይም። ሩመይሳን ከሁሉም ያበገናት ይሄ ነው። እሷ ጣቶቿን ሳታይ ለመምታት ሦስት ዓመት ታግላለች፤ አሁንም አራተኛው ክር ላይ ስትደርስ ዓይኗ ሳታስበው ወደ ታች ይወርዳል።

ሁልጊዜ የሚንጫጩት የክበቡ ልጆች ጸጥ ብለዋል። ከበሮ መቺው ሙስዐብ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

«ማሻአላህ! ልጅቷ ለቀቀችው በቃ!» አለ ፊርደውስ ስትጨርስ።

ፊርደውስ ሩመይሳን ስታይ ደንግጣ ተነሳች። «አውፍ በይኝ ሩሜ፣ ሳላስፈቅድሽ ነካሁት። ክሩ እንዲህ አምሮ ተቃኝቶ ሳየው እጄ አላስችል አለኝ።»

«አረ ችግር የለም» አለች ሩመይሳ። ስትስቅ ግን ጉንጯን አመማት።

እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ የከሚሴ ትምህርት ቤት ውስጥ «ሩሜ ክራር» ሲባል የማያውቃት አልነበረም። ክራሩን የሰጣት አጎቷ ጀሚል ነው፤ ስድስተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ስታልፍ ከኮምቦልቻ ገዝቶ አመጣላት። መምታት ግን ማንም አላስተማራትም። አባቷ ጨፋ ሮቢት እህል ሲነግድ ስለሚውል ማታ ደክሞት ነው የሚገባው። አስተማሪዋ መስታወቱ የተሰነጠቀ የእናቷ ስልክ ነበር። ቪዲዮውን እያቆመች፣ እየመለሰች፣ የጣቷ ጫፍ እስኪላጥ ድረስ ተምራለች።

የክበቡ ኃላፊ መምህር ባንተይርጋ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ለሚውለው የወላጆች ቀን «የዓለም ክሮች» የሚል ዝግጅት አስበዋል። በየአገሩ ስላሉት ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያዎች አንድ ልጅ ይናገራል፤ መጨረሻ ላይ ክራር ይመታል። በዚያ ቀን ከደሴ የሚመጣ የሙዚቃ ባለሙያ አለ። እሱ የመረጠው ልጅ ክረምቱን ደሴ ሄዶ ይሠለጥናል። ይሄ ወሬ ከተሰማ ጀምሮ ሩመይሳ ክረምቱን በሐሳቧ ደሴ ላይ ነበረች።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ መምህሩ ላፕቶፓቸውን ከፍተው ለልጆቹ ቪዲዮ አሳዩ። አንድ ሞንጎሊያዊ ሽማግሌ ጫፉ ላይ የፈረስ ጭንቅላት የተቀረጸበትን መሣሪያ በጉልበቱ ይዞ ይገዘግዛል። ክሩ እንደ ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ ነው። ቀጥሎ አንዲት የግብፅ ሴት ዑድ ይዛ መጣች። ከዚያ አንድ የማሊ ሰው ከትልቅ ቅል የተሠራ፣ ሃያ አንድ ክር ያለው ኮራ ታቅፎ በሁለት አውራ ጣቶቹና በሁለት ሌባ ጣቶቹ ብቻ ክፍሉን በዜማ ሞላው።

«የማሊ ኮራ መቺ ቤተሰቦች ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ ነው የሚያወርሱት» አሉ መምህር ባንተይርጋ። «ልጁ ገና ሳይናገር ጆሮው ይለምደዋል።»

«የኔም አባዬ እንደዚያ ነው፣ ቲቸር» አለች ፊርደውስ። «ሠርግ ቤት ነው የሚመታው። ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጣቴን በጣቱ ይዞ ነው ያስለመደኝ።»

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት። ሩመይሳ የደብተሯን ጠርዝ በጥፍሯ ትቆራርስ ጀመር። ‹ታዲያማ! አባት ጉልበት ላይ ቁጭ ብሎ መማር ምኑ ይከብዳል?› አለች በልቧ።

ቪዲዮው ሲያልቅ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከባድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ እንደዚያ ያደርጋሉ።

«እንግዲህ እንደዚህ አስቤያለሁ። ስለ ዓለም ክሮች ሩመይሳ ትናገራለች፤ እንደሷ አፉ የተፈታ ልጅ የለንም። ክራሩን ደግሞ ፊርደውስ ትምታ። የአባቷ ክራር መተዳደሪያው ስለሆነ ከእሱ ጋር ባቲ ቀርቷል። ሩመይሳ፣ የአንቺን ታውሻታለሽ፣ አይደል?»

«እሺ፣ ቲቸር» አለች ሩመይሳ። ሌላ ምን ትበል? ሃያ ልጅ እያያት!

ወደ ቤት ስትሄድ ባጃጆቹ ጥሩንባ ቢነፉባትም አልሰማችም። ፊርደውስ በእሷ ክራር መትታ ሲጨበጨብላት፣ የደሴው ሰው ስሟን ሲጽፍ፣ እሷ ራሷ ጥግ ቆማ ስታጨበጭብ ታያት። የገዛ ክራሯ ከድቷት የሄደ መሰላት።

በማግስቱ ዓርብ ባዶ እጇን ትምህርት ቤት ሄደች።

«ክራሩ የታለ?» አሉ መምህሩ።

«ተቀደደ፣ ቲቸር። ትንሿ እህቴ ዑሙልኸይር ተቀመጠችበት። ቆዳው ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሄደ።»

ውሸቱ ያን ያህል ይቀላል ብላ አላሰበችም። አንዴ ከወጣ በኋላ ዝርዝሩ ራሱ ይመጣ ጀመር፤ ድምፁን ከጓሮ እንደሰማች፣ እንዴት ሮጣ እንደገባች፣ ልጅቷ እንዴት እንዳለቀሰች። መምህር ባንተይርጋ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና «አይዞሽ፣ ልጄ» አሏት። ይህች ቃል ወጋቻት። ፊርደውስ ደግሞ መጥታ እጇን ያዘቻት።

«ገበቴው ስፋቱ ስንት ስንዝር ነው?» አለቻት።

«ምን?»

«ቆዳው የሚወጠርበት፣ ገበቴው።»

«ሁለት… ሁለት ስንዝር ቢሆን ነው» አለች ሩመይሳ፣ ለምን እንደተጠየቀች ሳይገባት።

የክራሩ ክፍል ከዝግጅቱ ወጣ። ፊርደውስ ከጭፈራው ልጆች ኋላ ተሰልፋ እንድታጨበጭብ ተደረገ። ሩመይሳ እነዚያን እጆች ባዶ ሆነው ስታይ ደስ አላት። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ቤት ውስጥ ክራሯ በነጠላ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ተኝቷል፤ መምታት አትችልም፤ የተቀደደ ክራር አይሰማማ! እናቷ ዘይና እንኳ «ምነው ክራርሽ ዝም አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ፈተና ደርሶብኝ ነው፣ እማ።»

ረቡዕ ከሰዓት የግቢው በር ተንኳኳ። ሩመይሳ ስትከፍት ፊርደውስ ቆማለች። እጇ ላይ አፉ የታሰረ ፌስታል አለ።

«አሰላሙ ዐለይኩም! አካም ጅርታ፣ ሩሜ? ቤትሽን ሙስዐብ ነው ያሳየኝ» አለች እያለከለከች። «ነይ ጉድ ላሳይሽ።»

ፌስታሉን ፈታችው። ፀጉሩ ተፍቆ የደረቀ፣ ወረቀት የመሰለ ስስ የፍየል ቆዳ ነበር።

«አባዬ ነው የላከው። ሰኞ ባቲ ገበያ ስንቱን አገላብጦ፣ ወላሂ፣ ራሱ ፍቆ አዘጋጀው። ዛሬ ለሚኒባስ ሹፌር ሰጥቶ ላከልኝ። አሁን ከነከርነው ማታ ወጥረን እናሳድረዋለን፤ በዚህ ሙቀት እስከ ዓርብ ይደርቃል። ቆዳ መወጠር አውቃለሁ።»

ሩመይሳ ቆዳውን ዳሰስ አደረገች። «ለእኔ… ለምን?»

«እንዴ! ክራር ሲቀደድ አባዬ እንዴት እንደሚሆን ስለማውቅ ነዋ። ምግብ አይበላም እኮ! ደውዬ የሆነውን ስነግረው ‹ልጅቷ ከማን ተማረች?› አለኝ። ከስልክ ብቻ ስለው አላመነኝም። እኔም ብሆን አልችልም ነበር፣ ሩሜ። እኔ ስሳሳት አባዬ እጄን እየያዘ ነው ያስተማረኝ፤ አንቺን ማን አረመሽ?»

 በዚህ መሐል እናቷ ከጓዳ ብቅ አለች። ሰላምታው፣ «ግቢ እንጂ፣ ቁጭ በይ» ማለቱ ሁሉ ሆነና፣ ፊርደውስ ቆዳውን አንስታ ስታሳያት ነገሩ ተገለጠ።

«የትኛው ክራር ነው የተቀደደው?» አለች ዘይና።

«የሩሜ ነዋ፣ እትዬ። ትንሿ ተቀምጣበት የለ?» አለች ፊርደውስ እየሳቀች። በር ላይ አሻንጉሊቷን ይዛ የቆመችውን የአምስት ዓመቷን ልጅ አየቻት። «አንቺ ነሽ አይደል፣ ቀዳጇ?»

ዑሙልኸይር ዓይኗ ፈጠጠ። «አልነካሁም!»

«ዑሚ!» ዘይና ቆጣ አለች። «እህትሽ ለዚያ ነዋ ቀኑን ሙሉ ተኮራምታ የምትውለው! ስንት ጊዜ ነው የሰው ዕቃ አትንኪ ያልኩሽ?»

«አልቀደድኩም! ወላሂ!»

«ወላሂ ትያለሽ ደግሞ?»

«ክራሩን ላምጣ» አለች ሩመይሳ፤ የምትሸሽበት አጥታ ወደ ውስጥ ገባች።

ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣችውና ነጠላውን ገለጠች። ቆዳው ምንም አልሆነም። የእናቷ የስፌት መቀስ ጠረጴዛው ላይ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ከወጋችው ውሸቷ እውነት ይሆናል፤ ማንም ምንም አያውቅም። ቆዳውም ተዘጋጅቶ መጥቷል። መቀሱን አንስታ ጫፉን ቆዳው ላይ አሳረፈች። 

ከውጭ ውኃ ሳፋ ላይ ሲቀዳ ይሰማታል። ቀጥሎ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ «በይ፣ እህትሽ ስትወጣ አውፍ በይኝ ትያታለሽ።»  ዑሙልኸይር እያለቀሰች በቀጭን ድምፅ «እሺ» አለች። ያላደረገችውን ልትቀበል።

ሩመይሳ መቀሱን አስቀመጠች። ክራሩን ያለ ነጠላው ይዛ ወጣችና ፊርደውስ ጭን ላይ አኖረችው።

ፊርደውስ ቆዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው። ገልብጣ አየችው። ከዚያ አንዱን ክር ነካች፤ ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ።

«ደህና ነው እኮ» አለች።

«አልተቀደደም። ዋሽቼ ነው። ዑሚ ምንም አላደረገችም።»

«ለምን?»

«ቅዳሜ አንቺ እንዳትመቺበት።»

ዘይና አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ትንሿን አቅፋ ወደ ጓዳ ገባች። ፊርደውስ ሳፋው ውስጥ እየራሰ ያለውን ቆዳ ታያለች። ብትጮህባት ለሩመይሳ ይቀላት ነበር።

«አባዬ ሦስት ጊዜ ደውሏል» አለች በመጨረሻ። «ሁለት ስንዝር በማን እጅ ነው፣ በአንቺ ነው በእሷ እያለ።» ቆዳውን አውጥታ ጨመቀችው፤ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው። «ለቲቸር አልናገርም። አትፍሪ።»

«ክራሩን ውሰጂው።»

«እንዲህማ አልወስደውም» አለችና ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሩመይሳ ክራሯን ይዛ ከቤት ወጣች። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሙስዐብ ከሩቅ አይቷት እየሮጠ መጣ።

«ክራሩ! ተሠራ እንዴ? ፊርዲ ቆዳ መጣልኝ ስትል ነበር። አንቺ፣ አዲስ አስመሰለችው እኮ!»

ሩመይሳ ቆመች። ‹አዎ› ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ፊርደውስ አትናገርም፤ ቃሏን ሰጥታለች። መምህሩ ይደሰታሉ፤ ፊርደውስም በክራሩ ትመታለች፤ ማንም አይጎዳም። አንዲት አጭር ቃል ናት።

በሙስዐብ ትከሻ ላይ አሻግራ ስታይ ፊርደውስ የክበቡ በር ላይ ከልጆች ጋር ቆማለች። የሆነ ነገር ተናግራ ሁሉንም አስቃቸዋለች።  ቅናቱ ከሩመይሳ አልወጣላትም፤ ገና እዚያው ነው።

«አልተሠራም» አለች። «መጀመሪያም አልተቀደደም። ዋሽቼ ነው።»

«እ?»

«ለቲቸር ልነግራቸው ነው።»

ሙስዐብን እንደቆመ ትታው የመምህራን ክፍል ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል። መምህር ባንተይርጋ ደብተር እያረሙ ነበር። ቀና ብለው መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥለው ክራሩን አዩ፤ ፊታቸው በደስታ በራ። ያ ደስታ አሁን በእሷ አፍ ሊጠፋ መሆኑን እያወቀች ሩመይሳ ወደ ውስጥ ገባች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋች።