ጫማ የማይወለቅበት ደብር

ይህን ታሪክ ከየትም አልቀዳሁትም። የሆነ ነገር ነው።

የሆነባት ሴት ጎረቤቴ ናት፤ የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ማርያምን ብላ የነገረችኝን ነው የምነግራችሁ፤ መጨረሻውን ደግሞ በዓይኔ አይቼዋለሁ። "ፈጠራ ነው" የምትሉ አትጠፉም። በሉ፤ አልቀየማችሁም። እኔም መጀመሪያ ብያለሁ።

አሁን ግን ልጇን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ መሬት ይሄዳል...

ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ወሩ የካቲት። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ተኩል። ቦታው እዚሁ ጎንደር፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ያለ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን።

ሌሊት አይደለም። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ሴትየዋ እስከዳር ትባላለች። ሥራዋ ሸክላ ማጥናት ነው። በጥንት ዘመን የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ሲቆፈር የሚወጣውን ጡብና የወለል ሸክላ ትጠርጋለች፣ ትለካለች፣ ቁጥር ትጽፍበታለች፣ ፎቶ ታነሣዋለች። "ገል አራግፈሽ ደመወዝ ትበያለሽ" እያልኩ እቀልድባት ነበር። እሷም ትስቃለች።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ቁፋሮው የነበረው ከእንፍራንዝ በላይ አንድ ኮረብታ ላይ ነው። ስሙን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ነገ ስልካችሁን ይዛችሁ ትወጣላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ የጎንደር ግንብ ሳይታሰብ የተሠራ ነው ይባላል። የቀረው የግድግዳው መሠረትና ወለሉ ብቻ ነው።

ቁፋሮው የተጀመረ ዕለት የአጥቢያው ሽማግሌ፣ ቄስ ሐብተ ማርያም፣ መጥተው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

"ልጆቼ፣ እዚህ ጫማ አይወለቅም።"

ሁሉም ተያዩ። እኛ አገር ቤተ ክርስቲያን በጫማ የሚገባ አለ እንዴ? ፍርስራሹ እንኳ ቅዱስ ነው። እስከዳር ደግሞ የቅኔ መምህር ልጅ ናት። መሠረቱን ገና ስታይ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር መፍታት ጀምራ ነበር።

"ምነው አባ?" አለቻቸው።

"በባዶ እግሩ የገባ አልወጣም። አባቴ እንዲህ አለኝ፤ እኔም እንዲሁ አልኳችሁ።"

የቁፋሮው ኃላፊ ዶክተር ሰውአገኝ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ድንጋዩ ስለታም ስለሆነ ቀድሞም ያለ ቦት ጫማ የሚገባ እንደሌለ ነገራቸው። እውነቱን ነው፤ ማንም አላወለቀም። ቁፋሮው በሰላም አለቀ። ሸክላው በገለባ ተጠቅልሎ በመኪና ተጭኖ ጎንደር ገባ።

ስለ መጋዘኑ ግን ቄሱ ምንም አላሉም...

ሰኞ ዕለት እስከዳር ሸክላዎቹን መጋዘኑ ወለል ላይ ደረደረቻቸው። የሥራው ደንብ እንዲህ ነው፦ ከመሬት ሲወጡ እንደነበሩ፣ ምሥራቁ ወደ ምሥራቅ፣ ምዕራቡ ወደ ምዕራብ። ደርድራ ስትጨርስ ነው ያየችው።

በየሸክላው ላይ የእግር ዱካ አለ።

ዱካ መኖሩ ብርቅ አይደለም። ጭቃው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ውሻም ፍየልም ይረግጠዋል፤ ከዚያ ይተኮስና ምልክቱ ይቀራል። ብዙ አይታለች። እነዚህ ግን የሰው ነበሩ። ሁሉም ባዶ እግር፣ ሁሉም የቀኝ። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ትንሽ ጣቱ የጎደለ።

ሁሉም ከምዕራቡ በር ተነሥተው ወደ መቅደሱ ይሄዳሉ።

የሚመለስ አንድም የለም።

በሰልፉ መጨረሻ፣ መቅደሱ ደጃፍ ላይ የነበረችው ሸክላ ትንሽ ናት። እሷ ላይ ምንም አልነበረም። እስከዳር ፎቶ አነሣቻትና መዝገቧ ላይ "ባዶ" ብላ ጻፈች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እረፍት አጣች።

ማክሰኞ ጠዋት መጣች፤ ዱካዎቹ ውስጥ እርጥበት አለ። ጣራው አያፈስም፣ ዝናብ የለም። በጨርቅ ጠረገችው። ሻይ ልትጠጣ ወጣችና ከመንገድ ተመለሰች፤ ለምን እንደተመለሰች ራሷም አታውቅም።

እንደገና እርጥብ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ባዶዋን ሸክላ ስታነሣ ጥፍሯ ሰመጠ...

ስሙኝ። ሸክላ አንዴ እሳት ከገባ ጭቃ አይሆንም። ይሰበራል እንጂ አይለሰልስም። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

ዶክተሩን ጠራችው። በእስክሪብቶው ቢቆረቁራት ቃ፣ ቃ አለች። ደረቅ ናት። የጥፍሯን ምልክት ብታሳየው የዱሮ ጭረት ነው አላት። ቁርስ መብላቷንም ጠየቃት። እሷ ግን ማታ መጋዘኑን ቆልፋ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ቁልፉን ነካካችው።

የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለካ እውነት ነው።

ሐሙስ ዕለት ልጇን ይዛት መጣች። ሚስጥር አራት ዓመቷ ነው። ትምህርቷ ግማሽ ቀን ነው፤ አባቷ ዛሪማ መንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ ከትምህርት ቤት የምታወጣት አክስቷ ዓይናለም ናት። ያን ቀን ዓይናለም ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራት። እስከዳር ልጅቱን መጋዘኑ ጥግ ወንበር ላይ አስቀምጣ ወረቀትና እርሳስ ሰጠቻት፤ ከዚያ እንዳትነሣም አስጠነቀቀቻት። ዶክተሩ ምሳ ወጥቷል። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ጡብ መለካት ጀመረች።

የእርሳሱ ድምፅ ይሰማል...

ጫር... ጫር... ጫር...

ቆመ።

ዞረች። ወንበሩ ባዶ ነው።

ከሸክላዎቹ ዳር ሁለት ትንንሽ ቀይ ጫማዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዲህ አድርጊ ብላ ያስተማረቻት እሷው ናት።

ሚስጥር በሰልፉ መጨረሻ፣ ባዶዋ ሸክላ ላይ ቆማለች። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራለች።

"ሚስጥር..." አለች። "ማን አውልቂ አለሽ?"

"ሁሉም አውልቀዋል እኮ።"

"እነማን?"

ልጅቱ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"እማዬ፣ ቀስ በይ... ቅዳሴ ላይ ናቸው።"

እስከዳር እንዴት እንደደረሰች አታስታውስም። ልጇን ነጥቃ ፀሐይ ላይ ወጣች። እግሯን ገልብጣ አየችው። የቀኝ ውስጥ እግሯ ቀይ እርጥብ ጭቃ ይዟል።

ዶክተሩ ከምሳ ሲመለስ ልጇን አቅፋ በሩ ላይ አገኛት። ገብተው አዩ። ባዶዋ ሸክላ ባዶ አልነበረችም። አምስት ትንንሽ ጣቶች፣ አንድ ትንሽ ተረከዝ። ጣቶቹ ወደ መቅደሱ አቅጣጫ። ቆረቆራት፤ ቃ፣ ቃ አለች።

ካሜራውን ከፍቶ የሰኞውን ፎቶ አየ። ፎቶው ላይ ምንም የለም። ፎቶውን አየ፣ ሸክላዋን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየ። ያ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ቀልድ አጣ።

"ይዘሻት ሂጂ" አላት በሹክሹክታ። "እኔ አላየሁም።"

ቤቷ ገብታ የልጇን እግር በሳሙና አጠበችው። ልጅቱ አምልጣት በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ሮጠች። እስከዳር ወለሉን አየች።

የግራ እግር ዱካ... ከዚያ ምንም... የግራ... ምንም... የግራ...

የቀኙ የለም።

እግሯን አርሳ እንደገና አስኬደቻት። ሦስት ጊዜ። ዓይናለም መጥታ አየች፤ እሷም አላገኘችውም። ሁለቱ እህትማማቾች ልጅቱን መሀል አድርገው አለቀሱ። እስከዳር የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ እግሯ እዚያ ገብቷል፣ ሁለተኛው ከተከተለ ልጄ አትመለስም።

ዓርብ ማለዳ ልጅቱን ለዓይናለም ተወች። ከግቢ እንዳትወጣ፣ በየሰዓቱ እግሯን እያረጠበች ዱካዋን እንድታይ አደራ አለቻት። ሸክላዋን ከመጋዘኑ አውጥታ በነጠላ ጠቅልላ የእንፍራንዝ ሚኒባስ ተሳፈረች። ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት።

ጠዳን አልፈው ትንሽ እንደሄዱ ረዳቱ ጎንበስ አለ።

"እህቴ፣ የልጁ እግር ወጥቷል። ብርድ ነው።"

ወደ ጭኗ አየች። ነጠላው ብቻ ነው።

"እሺ" አለችው። ጎተት አድርጋም ሸፈነችው።

ቄስ ሐብተ ማርያምን ወይራ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሁሉንም ነገረቻቸው። ሸክላዋን ገልጠው ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

"ቅዳሴ ሲያልቅ ዲያቆኑ 'እትዉ በሰላም' ይላል፤ በሰላም ወደየቤታችሁ ግቡ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሕዝቡ ይሰናበታል" አሏት። "እዚያ ግን... ይህን ያለ ዲያቆን የለም ይባላል።"

"ልጄስ አባ?"

"ሸክላዋን ቦታዋ መልሺ። እንደነበረች አድርገሽ መልሺ። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።"

እንደነበረች።

እስኪ እናንተ ፍረዱ። እንደነበረች ማለት የልጇ እግር ወደ ውስጥ ዞሮ ማለት ነው። እናት ይህን በእጇ ታደርገዋለች? እኔ አላደርገውም ነበር።

ጫማዋን እንዳጠለቀች የመቅደሱ ደጃፍ ደረሰች። አፈሩን በእጇ ጫረችው። ሸክላዋን ዝቅ አደረገቻት። ከዚያም አዞረቻት፤ ተረከዙ ወደ መቅደሱ፣ ጣቶቹ ወደ በሩ።

"ውጪ ልጄ..." አለች። "ወደ ቤትሽ ውጪ..."

አፈሩን ገና እየመለሰች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ዓይናለም ናት። ታለቅሳለች፣ ትስቃለች።

"መጣ እስከዳር! የቀኝ እግሯ መጣ፣ ወለሉ ላይ ወጣ!"

እስከዳር እዚያው ተንበርክካ አነባች። ደስታዋ ወሰን አጣ። ሮጣ የቄሱን መስቀል ተሳለመች። እሳቸው ግን እንዴት እንዳስቀመጠቻት ጠየቁ።

"ወደ በሩ አዞርኳት አባ።"

መስቀሉን የያዘው እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

"ልጄ... ያዞርሽው ዱካዋን ነው። እሷን ማን አዞራት?"

እስከዳር መስማት አልፈለገችም። ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደች።

ጎንደር ስትገባ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ የግቢያቸው በር ሲከፈት ሰምቼ በአጥሩ አናት አሻግሬ አየሁ። ሚስጥር ቧንቧው ሥር ውሃ እያንቦጫረቀች ነበር። እናቷን ስታይ በሲሚንቶው መንገድ ላይ ሮጠች።

"እማዬ!"

እስከዳር ተቀብላ አቀፈቻት። አንገቷን ሳመቻት፣ እግሮቿን ሳመቻቸው። እኔም ምን እንደሆነ ሳላውቅ አብሬ እንባዬ መጣ። ያኔ ልጅቱ እናቷ ጆሮ ላይ አፏን ስታስጠጋ አየሁ። ያለቻትን እስከዳር በኋላ ነው የነገረችኝ።

"እማዬ... ገና አላለቀም።"

እስከዳር ቀና አለች። በልጇ ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ ሲሚንቶው አየች። እኔም እሷ ያየችውን አየሁ።

ከቧንቧው እስከ እናቷ ድረስ እርጥብ ዱካ ተሰልፏል። የቀኝም የግራም፣ አንድም አልጎደለም። አምስት አምስት ጣት፣ ተረከዙ ሳይቀር ሸጋ ሆኖ ይታያል።

ልጅቱ የሮጠችው ወደ እናቷ ነው። እኔ ምስክር ነኝ።

ዱካው ግን ከእናቷ እየራቀ ይሄዳል...

ጣቶቹ ሁሉ ወደ ቧንቧው ዞረዋል። ወደ እናቷ የዞረው ተረከዙ ብቻ ነው።