«ሆድ» የት ይግባ?

የሰው ልጅ የሚያውቀውን ሁሉ በአንድ ድረ ገጽ ላይ በየመደቡ ማስገባት ነበር ሥራቸው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ኮምፒዩተር፣ አንድ መስኮት። እሷ ቀድሞ ነርስ ነበረች፤ እሱ መሬት ቀያሽ። አንዱ የሠራውን ሌላው ያርማል። ደንቡ ቀላል ነው፤ አንድ ገጽ ከአንድ መደብ በላይ አይገባም።

«ሆድ» የሚለው ገጽ እስኪመጣ ድረስ ተስማምተው ሠሩ።

ነርሷ «የሰውነት ክፍሎች» ውስጥ አስገባችው። ቀያሹ አውጥቶ «ስሜት» ውስጥ ከተተው።

«ምን ነካህ?» አለችው። «ሆድ እኮ ጨጓራና አንጀት ነው።»

«ሆዴ ባባ ያለሽን ሰው ምን ልትሰጪው ነው? ሽሮፕ?»

«አንተስ ሆዴን ቆረጠኝ ያለህን ልታጽናናው ነው?»

ሳቀ። እሷ ስትስቅ እንዳያያት ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። እሱ ግን አይቷል።

ከዚያ ወዲያ ገጹ ማረፊያ አጣ። ጠዋት እሷ ትወስደዋለች፤ ከምሳ በኋላ እሱ ይመልሰዋል። ሲከራከሩ ቀኑ ያጥርባቸው ነበር። ይህን አንዳቸውም አልተናገሩም።

አንድ ቀን ኃላፊያቸው፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ሴትዮ፣ በሩ ላይ ቆሙ።

«እስከ ነገ ካልተስማማችሁ አንዳችሁን ሌላ ክፍል አዛውራለሁ» አሉ። «ሕፃን አይደላችሁም።»

ሁለቱም አቀረቀሩ። ያን ቀን ገጹን የነካው የለም።

በማግስቱ እትዬ መጡ። «እሺ፣ የት ይግባ?»

«ስሜት» አለች ነርሷ።

«የሰውነት ክፍሎች» አለ ቀያሹ፣ እኩል።

«አሁንም?» አሉ እትዬ። ሁለቱን በየተራ አይተው፣ «ትናንት የተገላቢጦሽ አልነበረም እንዴ?»



«እሷ እንዳትሄድ ብዬ ነው» አለ ቀያሹ ቀስ ብሎ።

«እኔም እሱ እንዳይሄድ» አለች።

እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እንግዲያው የተሳሳተው ደንቡ ነው» ብለው ገጹን ሁለቱም መደብ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ቀያሹን ወደ ተራሮችና ወንዞች ክፍል አዛወሩት።

«ተስማማን እኮ፣ እትዬ» አለ።

«ለዚሁ ነዋ። እንዲህ እርስ በርስ የሚሳሱ ሰዎች አንዳቸው የሌላውን ሥራ ያርማሉ?»

ዕቃውን ይዞ ሲወጣ ነርሷ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት።

«የምናወራው ስለ ሥራ ብቻ ነበር» አለችው። «ከእንግዲህ ስለ ምን እናወራለን?»

አሰበ። «ስለ ቤት» አላት።

 ከያዘው ዕቃ ግማሹን ተቀበለችው።

ተጋብተው መጀመሪያ ምሳ የጠሩት እትዬን ነው። ቀያሹ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ «ስለለያዩን እግዜር ይስጥልን» አላቸው።